አዲስ ተጫዋችን በዝግጅት ወቅት መመዘን፦ ለባሕር ዳር አሰልጣኞች የአሠራር መመሪያ

ነሐሴ ላይ ለዝግጅት ባሕር ዳር የሚገባ አዲስ ተጫዋች ለብቻው አይመዘንም። የአውቶቡስ ድካሙ፣ ክረምቱ ያጨቀየው ሜዳ፣ የፍልሰታ ጾም፣ ኳስ የማያቀብሉት ነባሮች ሁሉ አብረውት ሚዛን ላይ ይወጣሉ። በመጨረሻ አሰልጣኙ «ልጁ አልተመቸኝም» ሲል ያልተመቸው ልጁ ይሁን ሜዳው ለይቶ የሚነግረው የለም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ ከልጁ ላይ ለማውረድ የታሰበ ነው። ከተስፋ ቡድን (ከክለቡ ወጣቶች) ላደጉ፣ ከከፍተኛ ሊግ (ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ካለው ሊግ) ለፈረሙና ለሙከራ ለተጠሩ ተጫዋቾች ያገለግላል። ፕሪሚየር ሊጉ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ስለሚጀምር አምስት ሳምንት እንዳላችሁ ታስቦ ተጽፏል። ሦስት ሳምንት ብቻ ካላችሁ ከሩጫ ፈተናዎቹ ቀንሱ እንጂ ከጨዋታዎቹ አትቀንሱ።

ከመጀመራችሁ በፊት

አራት ሰው ይበቃል፤ ሰዓት የሚይዝ፣ የሚመዘግብ፣ ተጫዋቹን ብቻ የሚመለከትና የህክምና ባለሙያ። ዕቃው ቀላል ነው፦ የ50 ሜትር መለኪያ፣ 30 ኮን፣ ሁለት የእጅ ሰዓት፣ ድምፅ ማጉያ፣ መቆሚያ ያለው ስልክ፣ ከ1 እስከ 8 ቁጥር በትልቁ የተጻፈባቸው ሰደርያዎች። መዝገቡን በእርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ በነሐሴ ካፊያ ወረቀት ላይ አይጽፍም፤ የጻፈውም ይፈስሳል።

ሜዳውን አንድ ጊዜ ምረጡና አትቀያይሩ። በከተማዋ ዙሪያ ያለው ዋልካ አፈር ውሃ ይይዛል፤ ከላይ ሣሩ ደህና መስሎ ከሥር ታኬታ ይውጣል። ከፈተና በፊት ኳስ ከ2 ሜትር ከፍታ ልቀቁ። ፊፋ ለሰው ሠራሽ ሣር ያስቀመጠው ዝቅተኛ የንጥረት ልክ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የእናንተም ሜዳ ይህን ያህል ካላነጠረ የፍጥነት ፈተናውን ለሌላ ቀን አስተላልፉት። በጭቃ ላይ የተያዘ ሰዓት በደረቅ ሜዳ ላይ ከተያዘ ጋር አይነጻጸርም። የክረምቱ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ፈተናዎችን ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 3፡30 ባለው ጊዜ ጨርሱ።

በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሜዳውን ሁኔታ፣ ተጫዋቹ መቼ እንደደረሰ፣ መጾም አለመጾሙን ጻፉ። ይህ መስመር ባዶ ከሆነ ከሥሩ ያለው ቁጥር ሁሉ ዋጋ የለውም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት፦ ፋይልና ጤና

በእነዚህ ቀናት ከጤና ምርመራ በቀር ምንም አትለኩ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የመጣ እግር በማግስቱ 30 ሜትር አያስሮጥም። ፊፋ ያዘጋጀው የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ ቀላል ቅብብልና እንቅልፍ ይበቃል።

ፋይሉ ላይ የትውልድ ቀን ስትሞሉ የዘመን አቆጣጠሩን አጣሩ። በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል ያለው የ7 ወይም 8 ዓመት ልዩነት ከአንዱ ሰነድ ወደ ሌላው ሲገለበጥ በቀላሉ ይሳሳታል። የ19 ዓመት ልጅ የ26 ዓመት ሰው ሆኖ ከተመዘነ «ከዚህ በላይ አያድግም» ተብሎ ይሸኛል።

ስለ ጉዳት ስትጠይቁ «ተጎድተህ ታውቃለህ?» አትበሉ። ለሙከራ የመጣ ልጅ መልሱ «በፍጹም» ነው። «ባለፈው ዓመት ስንት ጨዋታ አመለጠህ? በምን ምክንያት?» ብላችሁ ጠይቁት። ስድስት ጨዋታ ያመለጠው ልጅ ምክንያቱን መናገሩ አይቀርም።

የህክምና ምርመራው የደም ግፊትን፣ ኢሲጂን (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግበውን ምርመራ) እና የቤተሰብ ታሪክን ያካትት፤ በተለይ በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው መኖሩን ጠይቁ። ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪየን ፎዬ እ.ኤ.አ. በ2003 ሊዮን ላይ በጨዋታ መካከል ወድቆ ሕይወቱ ካለፈ ወዲህ ይህ ምርመራ የሚታለፍ አይደለም። በእኛ አካባቢ ሦስት ነገር ይጨመርበታል፦ የደም ማነስን የሚያሳየው የሄሞግሎቢን መጠን፣ የሰገራ ምርመራና ትኩሳት ከታየ የወባ ምርመራ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ፣ ውሃ ውስጥ በቆዳ በኩል የሚገባ ጥገኛ ትል፣ አለ። ሐይቁ ውስጥ እየዋኘ ያደገ ልጅ ሳያውቀው ተሸክሞት ሊመጣ ይችላል፤ ቢልሃርዚያና የአንጀት ትላትሎች ደም ያሳንሳሉ፣ ደም ያነሰው ልጅ ደግሞ በሁለተኛው አጋማሽ ጉልበቱ ያልቃል። «ትንፋሽ የለውም» ተብሎ የሚሰናበት ተጫዋች ችግሩ በሐኪም መድኃኒት የሚስተካከል ሊሆን ይችላል። በዚሁ ምክንያት ከልምምድ በኋላ ለማገገም ብሎ ቡድኑን ሐይቅ ውስጥ መንከር አይገባም። በርሜል ውስጥ ያለ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ወባው ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም ጀምሮ ይብሳል፤ ያኔ በድንገት የወረደ አቋም ካያችሁ ነጥብ ከመቀነሳችሁ በፊት ደሙን አስመርምሩ።

ቁርጭምጭሚትን ለመፈተሽ ግድግዳ ብቻ ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ተረከዙን ሳያነሳ ጉልበቱን ከግድግዳ እንዲያስነካ አድርጉና ከአውራ ጣቱ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ለኩ። በሁለቱ እግሮች መካከል የ2 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ከታየ የቆየ ወለምታ እንዳለ ጠርጥሩ። ቀጥሎ በአንድ እግር ወደፊት ያዝልል፤ ደካማው እግር ከጠንካራው 90 በመቶ በታች ከዘለለ ወደ ከባድ ልምምድ አታስገቡት።

ፍልሰታ

ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ የዝግጅቱን መጀመሪያ ይነካል። የእንስሳት ተዋጽኦ ከመተው አልፎ ቅዳሴ እስኪወጣ እህልም ውሃም የማይቀምስ ተጫዋች ይኖራል። እንዲያፈርስ መጠየቅም ሆነ ፊት መንሳት አያስፈልግም፤ መርሐ ግብሩ ይስተካከል። እስከ 15 ድረስ ጠዋት ላይ የኳስ ንክኪና የአቋቋም ሥራ ስሩ፤ ጉልበት የሚጠይቀውን ፈተና ከነሐሴ 18 በኋላ አድርጉት። ያልጠጣ ሰው ላይ የጽናት ፈተና ማድረግ የሚለካው ጥማትን ነው፤ አደጋም አለው። ምግብ ቤቱ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ሩዝ በብዛት ያቅርብ፤ አንድ ጭልፋ ወጥ ለሚሮጥ ልጅ አይበቃም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለተጫዋቹ ተዉለት። ረቡዕና ዓርብም ስላሉ ከባድ ፈተናን ማክሰኞ፣ ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ብታደርጉት ይሻላል።

የሩጫ ፈተናዎች

ሦስት ብቻ ይበቃሉ። በእያንዳንዱ ቦታ ቢያንስ ሁለት ነባር ተጫዋች አብሮ ይፈተን። ከመጽሐፍ የተወሰደ ልክ ምን ያህል እንደሚበቃ አይነግራችሁም፤ በዚያው ጠዋት፣ በዚያው ሜዳ የሮጠው የእናንተው የመስመር ተከላካይ ግን ይነግራችኋል።

የመጀመሪያው የ30 ሜትር ፍጥነት ሲሆን የ10 ሜትሩ መድረሻ አብሮ ይያዛል። ተጫዋቹ ከመስመሩ 50 ሴንቲ ሜትር ወደኋላ ቆሞ በራሱ ጊዜ ይነሳ። ሁለት ጊዜ ይሩጥ፤ በመካከሉ 3 ደቂቃ ዕረፍት። በእጅ የተያዘ ሰዓት ከኤሌክትሮኒክ በ0.2 ሰከንድ ገደማ ያጥራል፤ በ10 ሜትር ላይ ይህ ፈጣኑን ከዘገምተኛው የሚለየውን ልዩነት ይውጠዋል። ስለዚህ ስልኩን በመስመሩ ትክክል አቁማችሁ በዝግታ ቀረጻ ያዙና ፍሬሙን (የቪዲዮውን ነጠላ ምስሎች) ቆጥራችሁ ሰዓቱን አውጡ።

ሁለተኛው የተደጋጋሚ ፍጥነት ፈተና ነው፦ 20 ሜትር ሄዶ መመለስ፣ 20 ሰከንድ ዕረፍት፣ ስድስት ጊዜ። ልጆች እዚህ ላይ ብልጠት ያውቃሉ፤ መጀመሪያ ቀስ ብለው መጨረሻ ላይ እንዳልደከሙ ያሳያሉ። መድኃኒቱ አስቀድሞ አንዱን ዙር ብቻውን በሙሉ ኃይል ማስሮጥ ነው። ከዚያ 5 ደቂቃ ይረፍ። የስድስቱ የመጀመሪያ ዙር ከዚያ በ2.5 በመቶ ከዘገየ አስቁሙት፣ እንደገና 5 ደቂቃ አሳርፋችሁ ከመጀመሪያው አስጀምሩት። ስሌቱ እንዲህ ነው፤ ምርጡ ሰዓት 7.10፣ የስድስቱ ድምር 44.0 ከሆነ አማካዩ 7.33 ይሆናል። 7.33 ለ7.10 ሲካፈል 1.033፣ ማለትም የ3.3 በመቶ መውረድ። ምርጡ ሰዓቱ ጥሩ ሆኖ መውረዱ ከ5 በመቶ የሚያልፍ የመስመር አጥቂ ተቀይሮ ሲገባ ይጠቅማል፤ 90 ደቂቃ ግን ገና ነው።

ሦስተኛው ዮዮ የሚባለው የማገገም ፈተና፣ የመጀመሪያው ደረጃ። 20 ሜትር ተራርቀው ሁለት መስመር ይሠመራል፤ ከመነሻው ጀርባ 5 ሜትር ላይ ሌላ ኮን ይቀመጣል። በድምፁ 20 ሄዶ 20 ይመለሳል፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ እስከ ኋላኛው ኮን ተራምዶ ይመለሳል። ፍጥነቱ ከ10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጀምርና እየጨመረ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከዘገየ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ ጊዜ ከዘገየ ይወጣል፤ የተሟላው የመጨረሻ 40 ሜትር ድረስ ይቆጠርለታል። በፕሮፌሽናል ደረጃ 2,000 ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ የተለመደ ነው። ድምፅ ማጉያውን በሁለቱ መስመሮች መካከል አስቀምጡት፤ ጫፍ ላይ ከሆነ ነፋስ ሲነሳ የሩቁ ተጫዋች አይሰማም፣ ጥፋቱም ለእሱ ይጻፋል።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከደብረ ታቦር ወይም ከደብረ ማርቆስ ለመጣ ልጅ ቁልቁለት ነው፤ ከመተማ ወይም ከጋምቤላ ለመጣው ግን ዳገት። የቆላውን ልጅ ዮዮ ከማስሮጣችሁ በፊት ከ10 እስከ 14 ቀን ስጡት።

ፍጥነቱንና ተደጋጋሚውን በአንድ ጠዋት፣ ዮዮውን ከ48 ሰዓት በኋላ አድርጉ።

አራት ለአራት፦ ልጁን ከጓደኞቹ መለየት

የዚህ መመሪያ ዋና ክፍል ይህ ነው። በተለመደው የሙከራ ጨዋታ ዓይን የሚስበው ድሪብል (ኳስ እየገፉ ሰው ማለፍ) የሚያበዛው ነው፤ ቦታ ዘግቶ፣ ኳስ ነጥቆ፣ በአንድ ንክኪ የሚያቀብለው ደግሞ ማንም ሳያየው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጥሩ ጓደኞች የገጠሙት ልጅም ጥሩ ይመስላል። ሁለቱንም የሚፈታ ዘዴ አለ። ስምንት ተጫዋቾች ሰደርያ ከ1 እስከ 8 ይልበሱና እንዲህ ይግጠሙ፦

1ኛ ጨዋታ፦ 1 2 3 4 ከ 5 6 7 8
2ኛ ጨዋታ፦ 1 2 5 6 ከ 3 4 7 8
3ኛ ጨዋታ፦ 1 2 7 8 ከ 3 4 5 6
4ኛ ጨዋታ፦ 1 3 5 7 ከ 2 4 6 8
5ኛ ጨዋታ፦ 1 3 6 8 ከ 2 4 5 7
6ኛ ጨዋታ፦ 1 4 5 8 ከ 2 3 6 7
7ኛ ጨዋታ፦ 1 4 6 7 ከ 2 3 5 8

በዚህ አደላደል ማንኛውም ሁለት ተጫዋች ሦስት ጊዜ አብሮ፣ አራት ጊዜ ተቃራኒ ሆኖ ይጫወታል። ስለዚህ «ጓደኞቹ ደካሞች ስለሆኑበት ነው» የሚል ምክንያት አይሠራም። ለአሸናፊ ቡድን እያንዳንዱ ተጫዋች 3፣ ለአቻ 1፣ ለተሸናፊ 0 ይያዝለት። ነጥቡ የግለሰብ ነው። እኩል ሲሆኑ የጎል ልዩነት ይለያቸው።

ሜዳው 40 በ30 ሜትር፣ ጎሉ 2 ሜትር ስፋት፣ ግብ ጠባቂ የለም፤ ጎል የሚቆጠረው ከተጋጣሚ ክልል ውስጥ ሲመታ ብቻ ነው፣ አለበለዚያ ከሩቅ መምታት ይበዛል። እያንዳንዱ ጨዋታ 5 ደቂቃ፣ ዕረፍቱ 3 ደቂቃ። ኳስ ሲወጣ ጨዋታው እንዳይቆም በዙሪያው ስምንት ኳስ አዘጋጁ። ሜዳው ከከበደ ደቂቃውን ወደ 4 አውርዱ እንጂ ሜዳውን አታጥብቡ፤ ሜዳ ሲጠብ ግጭት ይበዛል። በመጀመሪያ ሳምንት ሰባቱን ባንድ ቀን አታስጨርሱ፤ አራቱን ዛሬ፣ ሦስቱን ከነገ በስቲያ።

ስምንቱ ውስጥ ስድስት አዲስና ሁለት ነባር ቢሆኑ ጥሩ ነው። ስምንቱም አጥቂ ከሆኑ ግን ፈተናው ይበላሻል፤ ሁለት ሦስት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ ሁለት አጥቂ አድርጉ። አሰልጣኞች በጨዋታው ጊዜ አፋችሁን ዝጉ። «ልቀቅ!» «ተመለስ!» ካላችሁ የሚለካው የልጁ ዕይታ ሳይሆን የእናንተ ድምፅ ነው።

ከፍተኛው ነጥብ 21 ነው፤ አቻ ካልበዛ አማካዩ 10 አካባቢ ይውላል። 15ና ከዚያ በላይ ያመጣ ልጅ፣ ምንም ባይታያችሁ እንኳን፣ በቪዲዮ ዳግም ይታይ፤ እየሠራ ያለው ነገር አለ። 6ና ከዚያ በታች ያመጣ ድሪብለኛ ላይም እንዲሁ ጥርጣሬ ይኑራችሁ። ሰባት ጨዋታ ዕድል የሚያታልልበት ትንሽ ቁጥር ስለሆነ በአራተኛው ሳምንት ቁጥሮቹን አደበላልቃችሁ ድገሙት። ሁለቱም ጊዜ ከላይ የወጣ ልጅ በአጋጣሚ አልወጣም።

ተጫዋቹን እንጂ ኳሱን አትከተሉ

ሙሉ ቡድን ሲጫወት አንድ ሰው ለ10 ደቂቃ አንድ ልጅ ላይ ብቻ ዓይኑን ይጣል። የሚቆጠረው ሦስት ነገር ነው። ኳስ ከመቀበሉ በፊት ባሉት ሴኮንዶች ስንት ጊዜ ዞር ብሎ አየ? የመጀመሪያ ንክኪው ወደ ክፍቱ ቦታ ወሰደው ወይስ ወደ መጣበት መለሰው? ኳስ ሲነጠቅ በ5 ሰከንድ ውስጥ ምን አደረገ፤ ተከተለ፣ ቦታ ዘጋ ወይስ እጁን ዘርግቶ ዳኛ ጠራ? ሦስተኛው በአንድ ዝግጅት ለማስተማር ከባዱ ስለሆነ ክብደት ስጡት።

ዝምታ ላይ ተጠንቀቁ። ከገጠር ወረዳ ወይም ከተስፋ ቡድን የመጣ ልጅ አምበሉን «ሰው መጣብህ!» ብሎ ለመጮህ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ታላቅን ማዘዝ ነውር ሆኖ ነው ያደገው። ዝም ያለው ሳያይ ቀርቶ ይሁን አፍሮ ለመለየት አዲሶቹን ብቻ አንድ ቡድን አድርጉና የማዕዘን ምት መከላከሉን እሱ እንዲያደራጅ አዘዙት። እዚያም ዝም ካለ ጉዳዩ ይሉኝታ አይደለም። ከነባሮች ጋር ሲሆን ደግሞ ኳስ እየጠየቀ ስንት ጊዜ እንዳልተሰጠው ቁጠሩ። በ10 ደቂቃ ስድስት ጊዜ ነጻ ሆኖ ሁለት ጊዜ ብቻ ከተቀበለ «ጨዋታ ውስጥ አልገባም» ብላችሁ አትጻፉበት፤ ነባሮቹን አናግሩ።

የድካም ደረጃን ከልምምድ በኋላ ከ0 እስከ 10 ስትጠይቁ ለብቻው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ዋና አሰልጣኙ በሌለበት ይሁን። የልምምዱን ጫና ለማግኘት ቁጥሩ በልምምዱ ደቂቃ ይባዛል፤ 60 ደቂቃ በ7 ሲባዛ 420። ሁሉም 8 ሲሉ እሱ ዘወትር 4 የሚል ከሆነ ወይ እጅግ ጠንካራ ነው ወይ ፈርቶ ነው፤ የእግሩ ጡንቻ ውሎ አድሮ ይናገራል፣ ያኔ ግን ሦስት ሳምንት ይተኛል።

ግብ ጠባቂ

አጭር ነው። ከየመስመሩ 10፣ በድምሩ 20 የተሻማ ኳስ በእርጥብ ኳስ ይላክለት፤ ሦስት ሰው ከፊቱ ይጋፋ። ያዘ፣ በቡጢ መለሰ፣ አመለጠው ብላችሁ ብቻ መዝግቡ። በደረቅ ኳስ ብቻ የተፈተነ ግብ ጠባቂ ክረምት ላይ ያሳፍራል።

የአቋም መለኪያ ጨዋታዎች

ቢያንስ ሦስት ጨዋታ፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ተጫዋች በአንዱ ሙሉ 45 ደቂቃ፣ በሌላው 70 ስጡት። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ዘጠኝ ሰው ባንድ ጊዜ ቀይሮ 15 ደቂቃ የሰጡትን ልጅ መመዘን አይቻልም፤ ያ ግርግር ነው። ከሁለቱ የመሀል ተከላካዮች አንዱ፣ ከአማካዮቹም ቢያንስ አንዱ ነባር ይሁን። በተመቸው ቦታ አንድ ጨዋታ፣ ልታሰልፉት ባሰባችሁት ቦታ ሁለት ጨዋታ።

ተጋጣሚውን ምረጡ። የዩኒቨርሲቲ ወይም የሠፈር ቡድን ላይ ሦስት ጎል ማግባት አጥቂውን ያሳብጣል እንጂ አይመዝንም፤ የእነሱ ጨዋታ እግር ለማፍታታት ነው። ነጥብ የሚሰጥበት ከከፍተኛ ሊግ ወይም ከጎንደር ከሚመጣ የፕሪሚየር ሊግ ቡድን ጋር የሚደረገው ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ በጥቂት ቀናት ልዩነት ስለሚጫወቱ ነጥብ የሚሰጥባቸውን ሁለት ጨዋታዎች በ72 ሰዓት ውስጥ አድርጉና የሁለተኛውን ነጥብ አስበልጡ። ከእነዚህ ከተሞች አንዷ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ በባሕር ዳር ደመና ሥር 90 ደቂቃ የሮጠ ልጅ እዚያ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። መስከረም ላይ ፀሐይ ሲወጣ፣ ቀን 7 ሰዓት ላይ ውሃ እየሰጣችሁ አንድ የ30 ደቂቃ ጨዋታ አጫውቱትና ነጥቡን ለብቻ ያዙ።

ሁለት አሰልጣኞች ሳይነጋገሩ ከ1 እስከ 5 ይስጡ፦ ኳስ ይዞ፣ ኳስ ሳይዝ፣ ኳስ ሲነጠቅ፣ በቆመ ኳስ (በቅጣትና በማዕዘን ምት)። በ2 ነጥብ ወይም በላይ ከተለያዩ አማካይ አትውሰዱ። ቪዲዮው ይታይና እንደገና ይሰጥ። አንዱ 2 ሌላው 4 ሲሰጥ መልሱ 3 አይደለም፤ አንዱ ያላየው ነገር አለ።

ውሳኔ

ስብሰባው ላይ መጀመሪያ የገጹ አናት ይነበብ፣ ቀጥሎ ቁጥሩ፣ መጨረሻ ላይ አስተያየት። ዋና አሰልጣኙ መጀመሪያ ከተናገረ ሌላው ሁሉ እሱኑ ይደግማል፤ ስለዚህ ከታች ጀምሩ። ሦስት ምድብ ይበቃል፦ ለዋናው ቡድን የተዘጋጀ፣ በተስፋ ቡድን ወይም በውሰት ጨዋታ የሚያስፈልገው፣ የሚሰናበት። በሩጫ ደካማ ሆኖ በአራት ለአራቱ ሁለቴ ከላይ የወጣ ልጅ ሁለተኛው ምድብ ውስጥ ይግባ፤ ትንፋሽ በስምንት ሳምንት ይመጣል። በሩጫ አንደኛ ሆኖ ሁለቴ ከታች የወጣውን ግን ለማቆየት አትቸኩሉ።

የሚሰናበተው ስሙን ከግድግዳ ላይ ወይም ከወኪሉ አፍ አይስማ። ምክትል አሰልጣኙ ለብቻው ጠርቶት ሁለት የጎደሉትን ነገሮች ከነቁጥሩ ይንገረው፤ የመመለሻ ትራንስፖርቱም በዚያው ዕለት በእጁ ይሰጠው። የጤና ምርመራ ውጤቱን ቅጂ ይያዝ፤ በተለይ ህክምና የጀመረ ከሆነ መድኃኒቱ መቼ እንደሚያልቅ ተጽፎ ይሰጠው። በውሰት የሚሄደው ደግሞ ሙሉ ገጹ ለተቀባዩ ክለብ ይላክ፣ ጥር ላይ የሚደገምበት ቀንም ከአሁኑ ይጻፍበት።